የሰው ነፍስ በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር ለመጽሔት የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

የዛሬው ርዕሳችን አንዲት እናት ካደረሱን ጥያቄ የመጣ ነው። ልጃቸው በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት ይኖራል፤ ዜግነት ወስዷል፣ ድምፅም ይሰጣል። እናቲቱ እንዲህ ይላሉ፦ «ልጄ በስልክ ሲያጫውተኝ፣ ነፍሰ ገዳይ በሞት ይቀጣ ወይስ አይቀጣ እያለ መንግሥት ሕዝቡን በወረቀት የሚጠይቅበት ጊዜ አለ አለኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ዳግም ቢመጣ ምን ልበል? ብሎም ጠየቀኝ። እኔም በሸሪዓችን ቂሳስ አለ አይደል እንዴ፣ የገደለ ይገደል በል አልኩት። ከዚያ ወዲህ ግን ልቤ አላረፈም። ልክ መክሬው ይሆን?»

እኚህ እናት ልባቸው አለማረፉ የኢማን ምልክት ነው እላለሁ። ስለ ሰው ነፍስ አንድ ቃል ተናግሮ በሰላም መተኛት ቀላል ነገር አይደለም። ለጥያቄው መልስ ለመስጠት ግን በመጀመሪያ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ጥያቄ ምን እንደሆነ ማወቅ ይኖርብናል። ፉቀሃኦች አንድን ነገር ሳይረዱ ስለርሱ ብይን መስጠት እንደማይቻል ደጋግመው አስተምረውናል። (በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ካልተገለጸ በቀር ሁሉም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሕዝብ ሕግ የሚያወጣበት በር

አሜሪካ የሃምሳ ግዛቶች ኅብረት ናት፤ እያንዳንዱ ግዛትም የራሱ የወንጀል ሕግ አለው። ሚሺጋን በነፍሰ ገዳይ ላይ የሞት ቅጣትን ያስቀረችው ገና በ1846 ነው። በቴክሳስ ግን ያው ወንጀል እስከ ዛሬ ያስገድላል። አብዛኞቹ ግዛቶች ቅጣቱን ሲያስቀሩ የወሰኑት በተመረጡ እንደራሴዎቻቸው ነው። ኒው ጀርሲ በ2007፣ ኢሊኖይ በ2011፣ ቨርጂኒያ በ2021 ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ካሊፎርኒያን፣ ኦሪገንንና ነብራስካን በመሳሰሉ ግዛቶች ግን ሌላም በር አለ። የተወሰኑ ሰዎች ተሰብስበው የሕግ ረቂቅ ይጽፋሉ፤ ከዚያም በየገበያውና በየመንገዱ የመራጮችን ፊርማ ያሰባስባሉ። ፊርማው ከሞላ ረቂቁ ለሕዝብ ድምፅ ይቀርባል፤ ከግማሽ በላይ መራጭ ከደገፈውም ሕግ ይሆናል። ምክር ቤትም ሆነ ገዥ በመካከል አይገባም። በካሊፎርኒያ ይህ አሠራር ከ1911 ጀምሮ አለ። የተጀመረው ምክር ቤቱ በምድር ባቡር ባለሀብቶች ተጽዕኖ ሥር ወድቋል በሚል ቅሬታ ስለነበር ዓላማው መልካም ነበር። በ2016 ምርጫ አንድን ተራ ሕግ ለሕዝብ ለማቅረብ ከ365 ሺህ በላይ ትክክለኛ ፊርማ ያስፈልግ ነበር። ይህን ያህል ፊርማ በበጎ ፈቃደኛ ብቻ አይሞላም፤ በገንዘብ የተቀጠሩ ሰዎች ናቸው የሚያሰባስቡት። ገንዘብ የሌለው ሐሳብ እዚህ በር ላይ ይቀራል ማለት ይቻላል።

በዚያው ዓመት የካሊፎርኒያ መራጭ ከፕሬዚዳንቱ ምርጫ ሌላ 17 እንዲህ ያሉ የግዛት ጥያቄዎች ቀርበውለት ነበር። ማብራሪያውን የያዘው መጽሐፍ ከ200 ገጽ በላይ ሆኖ ወደየቤቱ ተልኳል። ስለ ሲጋራ ቀረጥ፣ ስለ ፕላስቲክ ከረጢት፣ ስለ መድኃኒት ዋጋ የሚጠይቁ ነበሩ። ከነዚያ መካከል ሁለቱ ስለ ሰው ነፍስ ናቸው።

የካሊፎርኒያ ታሪክ

በየካቲት 1972 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሞት ቅጣት የግዛቱን ሕገ መንግሥት ይጥሳል ብሎ ፈረደ። ሞት ሲጠብቁ የነበሩ ከመቶ በላይ እስረኞች ፍርዳቸው ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ሕዝቡ ተቆጣ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ለድምፅ የቀረበው ሐሳብ ከመቶ 67 በሚሆነው መራጭ ተደግፎ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ተሻሻለ። በ1978 ደግሞ ፕሮፖዚሽን 7 የሚባለው መጣ። ይህኛው በሞት የሚያስቀጡትን የግድያ ዓይነቶች አሰፋ፤ ከመቶ 71 በሚሆን ድምፅም አለፈ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በካሊፎርኒያ ሕዝብ በድምፁ ያወጣውን ሕግ ሕጉ ራሱ ካልፈቀደ በቀር ምክር ቤቱ ሊሽረው አይችልም። ሕዝብ ያሰረውን ሕዝብ ነው የሚፈታው። የ1978ቱ ሕግ ጉድለት ቢታይበት እንኳ ወደ ሚሊዮኖች ደጃፍ ካልተመለሰ አይነካም። የሕጉን ቃል ያረቀቁት የቀድሞ ዐቃቤ ሕግ ዶናልድ ሄለር ከዓመታት በኋላ ሐሳባቸውን ለውጠው ቅጣቱ እንዲቀር ተከራክረዋል። ሕጉን ያስቀረቡት የሴናተር ጆን ብሪግስ ልጅ ሮን ብሪግስም እንዲሁ አድርጓል። ነገር ግን ጸሐፊው ስለተለወጠ ሕጉ አይለወጥም።

በ2012 ቅጣቱ ይቅር የሚል ጥያቄ ቀረበ። ከደጋፊዎቹ አንዷ የሳን ኩዌንቲን እስር ቤት የቀድሞ ኃላፊ ጂኒ ዉድፎርድ ነበሩ፤ የሞት ፍርድ ሲፈጸም በኃላፊነት ቆመው ያዩ ሴት ናቸው። 52 ለ48 ተሸነፈ። በ2016 ሁለት ጥያቄ በአንድ ወረቀት ላይ መጣ። ፕሮፖዚሽን 62 የሞት ቅጣት ቀርቶ ያለ አመክሮ የዕድሜ ልክ እስራት ይተካ ይላል። ፕሮፖዚሽን 66 ደግሞ ቅጣቱ ይኑር፣ የይግባኙም ጊዜ ይጠር ይላል። ሁለቱም ቢያልፉ ብዙ ድምፅ ያገኘው ይጸና ነበር። የፊተኛው ከመቶ 53 በሚሆን ድምፅ ወደቀ፤ የኋለኛው ከመቶ 51 በሚሆን አለፈ።

ከዚያስ? በ2017 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሮፖዚሽን 66ን ባይሽረውም፣ ይግባኝ በአምስት ዓመት ይለቅ የሚለው ቃል መመሪያ እንጂ ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድድ አይደለም ብሎ ተረጎመው። በ2019 ገዥው ጋቪን ኒውሰም እኔ በሥልጣን እያለሁ አንድም ሰው አይገደልም ብለው አገዱ፤ በዚያን ጊዜ 737 ሰዎች ሞት ተፈርዶባቸው ይጠብቁ ነበር። የገዥው ተቃዋሚዎች የሕዝብን ቃል ረገጡ አሏቸው፤ ይህ ክርክር ውሃ የማያነሳ አይደለም።

አሁን ሒሳቡን እንመልከተው። ሕዝቡ በ1972፣ በ1978፣ በ2012 እና በ2016 አራት ጊዜ ተጠይቆ አራቱንም ጊዜ ቅጣቱ ይኑር አለ። ከ1978 ወዲህ ቅጣቱ የተፈጸመባቸው ግን 13 ብቻ ናቸው፤ የመጨረሻው በጥር 2006 ነበር። ፍርዱን ሲጠብቁ በሕመምና በእርጅና የሞቱት፣ ራሳቸውን ያጠፉትም ተጨምረው፣ ከነዚህ በብዙ ይበልጣሉ። ልጇ የተገደለባት እናት ሃያና ሠላሳ ዓመት ከአንዱ ችሎት ወደ ሌላው ስትመላለስ ትኖራለች። ድምፁ ለርሷ ምን አመጣላት? ይህን የምጠይቀው ለአንዱ ወገን ለመወገን አይደለም። ሁለቱም ወገኖች በየምርጫው የሟች ቤተሰብን ፎቶግራፍ ይዘው ቀርበዋልና።

«ይጽና» እና «ይሻር»

የነብራስካው ነገር ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። በግንቦት 2015 የግዛቱ ምክር ቤት የሞት ቅጣትን የሚያስቀር ሕግ አወጣ። ገዥው ፒት ሪኬትስ ውድቅ አደረጉት፤ ምክር ቤቱ 30 ለ19 በሆነ ድምፅ የገዥውን ተቃውሞ ሽሮ ሕጉን አጸደቀው። ገዥው ግን አልተቀመጡም። ጉዳዩ ወደ ሕዝብ እንዲሄድ ፊርማ ሲሰበሰብ ከራሳቸው ኪስ ብዙ መቶ ሺህ ዶላር ሰጡ። በኅዳር 2016 ጥያቄው ለመራጩ ቀረበ።

ጥያቄው የቀረበበትን መንገድ ልብ በሉ። ለድምፅ የቀረበው «የሞት ቅጣት ይኑር ወይስ ይቅር» የሚል አልነበረም፤ የሞት ቅጣትን ያስቀረው ሕግ ይጽና ወይስ ይሻር የሚል ነው። ስለዚህ «ይጽና» ያለ ሰው ቅጣቱ ይቅር ማለቱ ነው። «ይሻር» ያለ ሰው ደግሞ ቅጣቱ ይኑር ማለቱ ነው። ከሥራ ደክሞ መጥቶ፣ ልጅ ይዞ ተሰልፎ የቆመ ሰው፣ በተለይም እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው፣ ልቡ ያሰበውንና እጁ ምልክት ያደረገበትን ማስማማት ምን ያህል ይቸግረው ይሆን? ከመቶ 61 የሚሆነው «ይሻር» አለ። በነሐሴ 2018 ነብራስካ ከ21 ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን ሰው በሞት ቀጣች። ሰውዬው በ1979 ሁለት የታክሲ ሾፌሮችን የገደለ ነው፤ ፍርዱን ይዞ ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ ታስሯል።

ኦሪገን ደግሞ ወላዋይ ናት። በ1914 የሞት ቅጣትን በሕዝብ ድምፅ አስቀረች፤ ልዩነቱ 157 ድምፅ ብቻ ነበር። በ1920 መለሰችው፣ በ1964 አስቀረችው፣ በ1978 መለሰችው። በ1981 ፍርድ ቤት ሻረው፤ በ1984 ሕዝቡ ዳግመኛ መለሰው። ከዚያ ወዲህ የተገደሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ይግባኛቸውን በፈቃዳቸው የተዉ ነበሩ። በ2022 መጨረሻ ገዥዋ የቀሩትን የ17 ሰዎች ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡት። አንድ ሰፈር የማይሞሉ ሰዎች ድምፅ የነፍስን ጉዳይ እንዲህ ሲያገላብጠው ማየት ያስደነግጣል። ከ1964 በኋላ ሕዝብ በቀጥታ ድምፁ የሞት ቅጣትን ያስቀረበት ግዛት የለም።

ይህ ቂሳስ ነውን?

ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። «በሸሪዓችን ቂሳስ አለ» ያሉት እውነት ነው፤ ይህን የሚክድ ሙስሊም የለም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ በ178ኛው አንቀጽ የደነገገው ነው። እዚያው አንቀጽ ውስጥ ግን የይቅርታና የካሳ በር አብሮ ተከፍቷል። ብዙዎቻችን የፊተኛውን ይዘን የኋለኛውን እንረሳለን።

በሸሪዓ በግድያ ጉዳይ መብቱ በመጀመሪያ ደረጃ የሟች ወራሾች ነው። ቃዲው ማስረጃውን ይመረምራል፤ ወይ ገዳዩ ራሱ ያምናል፣ ወይ ታማኝ ምስክሮች ይቆማሉ። ከተረጋገጠ በኋላም ወራሾች ቂሳስ ይጠይቃሉ፣ ወይም ዲያ ይቀበላሉ፣ ወይም ለአላህ ብለው ይቅር ይላሉ። አብዛኞቹ ዑለማእ እንዳሉት ከወራሾቹ አንዱ እንኳ ይቅር ካለ ቂሳሱ ይወድቃል። ከወራሾቹ ውስጥ ሕፃን ካለ አድጎ ለራሱ እስኪወስን ይጠበቃል ያሉ መዝሀቦችም አሉ። አንድ የቲም ልጅ የአባቱን ገዳይ ይቅር የማለት መብት እንዳያጣ ሲባል ዓመታት ይጠበቅለታል።

ይህን ወሎም ያውቀዋል። ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች የሟችን ቤተሰብ ደጅ የሚጠኑት ይቅርታው ያለው በዚያ ቤት ስለሆነ ነው። በዐረብ አገር የሚሠሩ ወገኖቻችንም ያውቁታል፤ የሟች ቤተሰብ ዲያ ሲቀበል ከሰይፍ የተረፈ ሰው ወሬ በየጊዜው ይሰማሉ።

በአሜሪካ ሕግ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የግድያ ክስ የግዛቱ መንግሥት ክስ ነው። የሟች እናት ይቅር ብያለሁ ብትል ዐቃቤ ሕጉን አታስቆመውም፤ ይገደልልኝ ብትልም አታስገድደውም። የሞት ቅጣት ይጠየቅ ወይስ አይጠየቅ የሚለው በዐቃቤ ሕጉ እጅ ነው፤ ፍርዱ በአብዛኛው በጁሪው ነው፤ ምሕረቱም ገዥው ጋ ወይም ለዚህ በተቋቋመ ቦርድ ዘንድ ነው። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ «ይኑር» ብሎ ምልክት ያደረገ ሰው ቂሳስ አላስፈጸመም። «ይቅር» ብሎ ምልክት ያደረገም ለማንም ይቅርታ አላደረገም፤ ይቅር የሚለው ደሙ የፈሰሰበት ቤተሰብ ነውና። መራጩ የሚወስነው ለመንግሥት አንድን ሥልጣን መስጠትን ወይም መንሳትን ነው። እናታችን የመከሩት ስለ ቂሳስ ነው፤ ወረቀቱ ግን ስለ ቂሳስ አይጠይቅም።

«ያም ሆኖ ቅጣቱ ለማኅበረሰቡ መከላከያ ነው፤ ነፍሰ ገዳይን ያስፈራል» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ክርክራቸውን አልንቀውም፤ ቂሳስ ሕይወትን ይጠብቃል የሚለው ትምህርት የራሳችን ነው። ሆኖም ሥልጣኑ የሚሰጠው ለማን እንደሆነ መታየት አለበት። ከ1973 ወዲህ በአሜሪካ ሞት ተፈርዶባቸው ከዚያ በኋላ ክሳቸው የተነሳላቸው ወይም ነፃ የተባሉ ሰዎች 200 ያህል ደርሰዋል። ብዙዎቹ በሐሰት ምስክር፣ ወይም በተሸሸገ ማስረጃ፣ ወይም በጠበቃ ቸልተኝነት ወደ ሞት ሲነዱ የነበሩ ናቸው። ፉቀሃኦቻችን ጥርጣሬ በገባበት ሐድ አይፈጸምም የሚለውን መርሕ ያቆሙት ለዚህ ነበር። በ1987 ደግሞ ከጆርጂያ ግዛት የመጣ አንድ ጉዳይ ለአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ነጭ የገደለ ሰው ጥቁር ከገደለው ይልቅ ሞት እንደሚፈረድበት የሚያሳይ ጥናት ታየ። ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ ጥናቱ የአንድን ሰው ፍርድ ለማስቀየር አይበቃም አለ። ጥቁርም ሙስሊምም ስደተኛም የሆነ መራጭ ይህን ማወቅ ይገባዋል። በኛም አገር በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ የሞት ቅጣትን ይዟል፤ ርዕሰ ብሔሩ ሳያጸድቀው ግን እንደማይፈጸም ደንግጓል። የመጨረሻዋ ፊርማ ላይ እንኳ የምሕረት ቦታ ቀርቷል።

ለልጁ የምንለው

ድምፅ መስጠት ምስክርነትን ይመስላል የሚሉ ዑለማእ አሉ። ምስክርነት ከሆነ ያለ ዕውቀት አይሰጥም። ስለዚህ ለልጁ የምንለው የመጀመሪያው ነገር የሕጉን ሙሉ ቃል አንብብ ነው። በወረቀቱ ላይ ያለው አጭር ርዕስ ማጠቃለያ ብቻ ነው፤ በቴሌቪዥን የሚታየው ማስታወቂያ ደግሞ የተከፈለበት ነው። «አዎ» ማለት ምን ያደርጋል፣ «አይ» ማለትስ? የነብራስካን ነገር ያስታውስ። ካልገባው፣ ወይም ገብቶት ልቡ ካልረጋ፣ ያንን አንድ ጥያቄ ባዶ መተው ይችላል፤ ሌሎቹ ድምፆቹ አይበላሹበትም። ብዙ ወገኖቻችን ይህን አያውቁም፤ ሁሉም ካልተሞላ ወረቀቱ የሚጣል ይመስላቸዋል።

ሌላም ልንገረው። ዜጋ ስለሆነ አንድ ቀን ለጁሪ ሊጠራ ይችላል። የሞት ቅጣት በሚጠየቅበት ክስ ላይ ዳኛውና ጠበቆቹ፣ ማስረጃው ቢያሳምንህ ሞት ልትፈርድ ትችላለህ? ብለው ይጠይቁታል። በምንም ሁኔታ አልፈርድም ያለ ከዚያ ጁሪ ይሰናበታል። በእውነት ይመልስ። በሸንጎው ላይ የማይቀመጥ ሰው ስለዚህ ቅጣት የሚናገርበት ቦታ የድምፅ መስጫው ወረቀት ነው፤ ባዶ መተው ይቻላል ስንል ይህን ረስተን አይደለም።

የእኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የሟች ቤተሰብ ይቅር የማለት መብት በሌለው ሥርዓት፣ ፍርዱም በዘርና በጠበቃ አቅም በሚለያይበት ቦታ፣ ይህን ሥልጣን ለመንግሥት በድምፄ አልጨምርም። ከእኔ የሚለዩ የተከበሩ ኡስታዞች ይኖራሉ፤ የተከለከለ ነው የሚል ፈትዋ እየሰጠሁ አይደለም። እናታችን ግን ዛሬ ማታ ለልጃቸው ይደውሉለት። ቂሳስ ብለው የመከሩትን ያንሱለት፤ እስቲኻራ ሰግዶ፣ አንብቦ፣ ራሱ ይወስን ይበሉት።

ሙስሊም ባልሆነ አገር ድምፅ መስጠት ራሱ ይፈቀዳል ወይ የሚለውን ጥያቄ ሌሎች አድማጮችም ልከውልናል። እርሱን ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ዝግጅታችን እናየዋለን።

ወላሁ አዕለም።